ድንኳን ወይስ ቲማቲም

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ ጠዋት
ችግኞቹን በረንዳ ላይ ፀሐይ አሙቄ፣ ሲደምን መልሼ ሳሎን አስገባኋቸው። አገዳቸው ረዝሟል፤ የተቆረጠው የውሃ ፕላስቲክ ጠቧቸዋል። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ መደቡን ቆፍሬ ፍግ ጨምሬበታለሁ። የቀረኝ ቀን መቁረጥ ብቻ። አምና ቸኩዬ ተክዬ በረዶ ፈጃቸው። መ/ቤት እስካሁን ይሳቅብኛል፤ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስሜ ገበሬዋ ነው። ዘንድሮ ቲማቲም ይዤ ካልገባሁ ሥራ እለቃለሁ። ማስታወሻዬ፣ አንተ እንኳ አትሳቅ።

ግንቦት 17፣ እሑድ
ባለቤቴ ታደሰ ስልኩ ላይ አየሩን አይቶ ዛሬውኑ ትከይ አለ። እናቴ ደግሞ ሰኔ ሚካኤል ሳያልፍ እንዳትሞክሪው አለች። ስልኩ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ዝናብ ወረደ። ግን እስከ ሚካኤል ሳሎኑ ውስጥ ማን ይኖራል፣ እኛ ወይስ ቲማቲሞቹ? ታደሰ ቴሌቪዥን የሚያየው በቅጠል መሐል ነው።

ግንቦት 20፣ ማታ
ምድር ቤት ያሉት አቶ ወልዴ አንድ ልጃቸውን ሜሮንን ሊድሩ ነው። ጾሙ ሳይገባ፣ ግንቦት 30። ድንኳኑ የት ይተከላል? አጥሩ ሥር። መደቤ ላይ። እኔ ሰማይ ሰማዩን ሳይ መዓቱ ከምድር ቤት መጣ። ሜሮን መስቀል ፍላወር ያለ አዳራሽ ነው የፈለገችው። አባት እምቢ፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ከደጃቸው ካልወጣች አይሆንም። ግትር ሽማግሌ።

ግንቦት 22
ሜሮንን ደረጃ ላይ ያዝኳት። አዳራሽ ለፎቶ እንዴት እንደሚያምር ነገርኳት። ግማሹን ለእሷ አስቤ ነው። ማለቴ፣ ሩቡን።
ከ/ሰ። አቶ ወልዴ አስጠሩኝ። ተነቃብኝ ብዬ ወረድኩ። ሻይ ቀዱልኝ፣ መረቁኝ፣ የሰርጉን ሰላጣ በኃላፊነት ሰጡኝ። እምቢ ማለት የት አባቴ። መደቤ ላይ ቆሜ የገበያ ቲማቲም ልከትፍ ነው።

ግንቦት 30፣ ሰርግ
ካስማው የት እንደተመታ አልጽፍም። ጭፈራው ሲደራ ፍጌን ማን ነው እንዲህ የሚረግጠው ብዬ ዞር አልኩ። ታደሰ ነው። ትንሽ ቆይቶ እኔም፣ ጫማዬን አውልቄ። ሙሽራዋ ስትወጣ አቶ ወልዴ ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሄደው ቆሙ። አልተከተልኳቸውም።

ሰኔ 2፣ ሰኞ
ጾም ገባ። ሰርግ የለም፣ ድንኳን የለም። በእኛ ግቢ የመትከያውን ቀን የሚቆርጠው ስልክም ሚካኤልም አይደለም፣ ጾሙ ነው። ፈቃድ ወስጄ ወረድኩ። መሬቱ አስፋልት ሆኗል። አቶ ወልዴ መጥተው ዶማውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቆፈሩ። ቤቱ ጭር ብሏል አሉ። ሂደው ይጠይቋታ አልኳቸው። ሙሽሮች ቤት ምን ብዬ፣ ምን ይዤ አሉ። ኩራታቸው። ችግኞቹን አንድ ባንድ እያቀበልኳቸው ሁሉንም ተከልን። መቼ እንደሚያፈራ ጠየቁ። ለመስቀል ሳይደርስ አይቀርም አልኩ።

ማታ
ወስኛለሁ። መ/ቤት ይሳቅብኝ። የመጀመሪያው ቲማቲም የሜሮን ነው፤ ይዘውላት የሚሄዱትም እሳቸው። እስከ መስቀል ግን ሩቅ ነው። እስከዚያ ጓዳ የተረፈ የሰርጉ ቲማቲም አለኝ፣ ከመደቡ የለቀምኩት ነው ብዬ ነገ ጠዋት ለአቶ ወልዴ እሰጣቸዋለሁ፤ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ፣ ግን ለሜሮን ይዘውላት የሚሄዱት ነገር ያገኛሉ።