ሌሊት የሠራ ሳይቀምስ

ውድ እህቴ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ በብርድ የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽ ትንሽ ለቀቅ አደረገሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው፣ መጋዙ የያዘው ጣታቸው ዳነ ወይስ አሁንም በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚሠሩት? ሚጢጢ ጥርሷን አበቀለች? ከሁሉም በላይ አባባ እንዴት አደሩ? ዛሬስ ጠዋት ቀመሱ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከእንቅልፍ እጦት በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታዬን በወጉ ደርድሬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ግን እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። ይህችን እንኳ የምጽፍልሽ ግማሹን ተቀምጬ፣ ግማሹን መስኮቱ ላይ ተደግፌ ነው።

የዱቄት መኪናው ሾፌር ዛሬ ወደ እናንተ ያልፋል። «ጭነቴን እስካራግፍ ጻፍ፤ ካራገፍኩ በኋላ አላውቅህም» ብሎኛል። ሰው መጠበቅ ሞቱ ነው፤ ሙሽራዋን እንኳ የሠርጋቸው ዕለት ደጃፍ ላይ ጡሩምባ እየነፋ ነው ያስወጣት ይሉታል። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ እሱን ውቀሺ። በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪ፣ አባባን ታውቂያቸዋለሽ። ስልኩን ሲቀበሉ «በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ካርድህን አትጨርስ» ብለው ይዘጉታል። ወረቀት ሲነበብላቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የሚሰሙት።

ባለፈው ደውለሽ ከነገርሽኝ ጀምሮ ልቤ እንደተሰቀለ ነው። የስኳር መድኃኒታቸውን በባዶ ሆዳቸው ውጠው ደጃፍ ላይ ወደቁ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ሐኪሙ «ጠዋት እህል ሳይቀምሱ መድኃኒቱን መውሰድ ከቀጠሉ፣ ሌላ ጊዜ ሲወድቁ ላይነሡ ይችላሉ» ማለቱን ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ እሰማዋለሁ። አንቺ ደግሞ ያልሞከርሽው የለም። እንቁላል ብትቀቅዪ፣ ወተት ብታሞቂ፣ ገንፎ በማር ብታቀርቢ፣ ሰሃኑን በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው በርጩማቸውን ወደ ደጃፍ ያወጣሉ። እዚያ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እህል የሚቀምሱት ቀትር ላይ ነው። እሑድ እሑድ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጠዋት ይበላሉ፤ «ሆን ብለው ሊያናድዱኝ ነው» ብለሽ ያለቀስሽው በዚህ ነው። ጋሼ «ቤቴን ንቀውት ነው» ብለው ተቀይመዋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አእምሯቸው እየከዳቸው ነው ብላ ፈርዳለች።

በመጨረሻ የጠየቅሽኝ ይህን ነው፤ የድሮ ሰዎች ጠዋት ምን ነበር የሚበሉት? ምናልባት የእናታቸው እጅ አምሯቸው ይሆናል፣ አንተ ነህ ከእግራቸው ሥር ተቀምጠህ የድሮ ወሬ ትለቅም የነበርከው፣ አስብና ንገረኝ፣ እሠራላቸዋለሁ አልሽኝ። እነሆ ሌሊቱን ሁሉ ትሪ እየገፋሁ የማስበው ይህንኑ ነው።

የእኔን ውሎ፣ አዳር ልበለው እንጂ፣ ታውቂዋለሽ። ሊጡ ሲታሽ፣ እኛ እየቆረጥን ትሪ ላይ ስንደረድር፣ ምድጃው ሲተፋና እኛ ስናነሣ ይነጋል። ሽርጤን ሰቅዬ ስወጣ ፀጉሬ በዱቄት ሸብቷል። ድሮ ጭቃ ጠፍጥፌ ዳቦ ነው ስልሽ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ይኸው ያቦካሁት ለአንድ ከተማ ቁርስ በቃ! ወደ ክፍሌ ስመለስ በየመስኮቱ የእኔን ዳቦ የሚገምጥ ሰው አያለሁ። አንዱ ቆሞ ነው የሚበላው፣ ሌላው በአንድ እጁ ካልሲውን እየሳበ፣ ሌላዋ ደረጃ እየወረደች። እዚህ ጠዋት ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

እንግዲህ ለጥያቄሽ። ከቅድመ አያታችን፣ ከጡብ አቃጣዩ ልጀምር። አባባ እንደሚሉት በእሳቸው ዘመን ቁርስ ቤት ውስጥ አይሠራም ነበር፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጡቡ ሌሊቱን ሲነድ እሳቸው ከእቶኑ አመድ ሥር ድንች ይቀብራሉ። ሲነጋ የበሰለውን ድንች በኮታቸው ኪስ ሞልተው ይመጣሉ። ሚስትና ልጆች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሌላ የሚበላ የለማ! ድንቹ እጅ ይፈጃል፣ አመዱ በጥርስ መሀል ይንኮሻኮሻል፣ ግን ያማረረ አልነበረም።

ቀጥሎ የአያታችን ተራ መጣ። እሳቸው የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። ዘበኛ ኪሱን ሞልቶ ከመጋዘን ቢመለስ ምን እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚገቡት። ቁርሱም ቤት ውስጥ መሠራት ጀመረ። ጨው ብቻ የገባበት ቀጭን የአጃ ሾርባ ነበር፤ አባባ «ሰሃኑ ውስጥ ፊትህን ታይበት ነበር» የሚሉት። ሾርባው ደርሶ ይንተከተካል፣ ልጆቹ ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ ግን የሚነካው የለም። ድንች በኪሱ የሚያመጣ ሰው ባይኖርም መጠበቁ አልቀረም። ሴት አያታችን ማንኪያ የዘረጋውን ልጅ እጅ መታ እያደረጉ «ሌሊት የሠራ ሳይቀምስ የተኛ አይቀምስም» ይሉ ነበር አሉ።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ አንቺው ራስሽ ምስክር ነሽ። ዳቦና ሻይ፣ ደህና ሰሞን ሲሆን ማርማላታ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው መሀል ታስቀምጠዋለች። አንቺ በጨርቁ ሥር ጣትሽን ሰደሽ ቅርፊቱን ትፈለፍዪና «አይጥ ነው» ትያለሽ። እማዬም «ይቺ አይጥ ፀጉሯን የተጎነጎነች ናት» ትል ነበር። አባባ ከክር ፋብሪካ ሲመለሱ ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተጣበቀ ነው። ጫማቸውን በር ላይ ያራግፋሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ቆርሰው አንዴ ይጎርሳሉ፣ ከዚያ «ገባሁ፤ ብሉ» ይላሉ። ሻይ የሚቀዳው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ማሽን ተበላሽቶ ቀሩና ሳንበላ ትምህርት ቤት ሄድን። አስተማሪው ለምን ጠረጴዛ ላይ ትተኛለህ ሲሉኝ «አባቴ አልገቡም» አልኳቸው፤ በቂ መልስ መስሎኝ።

እታለም፣ እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ጥዬ ተነሣሁ። ክፍሏን ዞርኩ፣ መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። እኛ ድስት ድስቱን ስንፈትሽ እሳቸው ሰው እየጠበቁ ነው!

እስቲ መለስ ብለሽ አስቢው። ሰሃን መግፋት የጀመሩት የሌሊት ፈረቃ ገባሁ ብዬ በደወልኩ ሰሞን አይደል? ለምን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መንገድ ያያሉ? ለምን እሑድ ይበላሉ? ቅዳሜ ሌሊት ምድጃችን አይነድም፤ እኔም እንደ ሰው አልጋዬ ላይ አድራለሁ። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ቀትር ላይ የሚበሉትም «ይሄኔስ ገብቷል» ብለው ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያን ሕግ የሚያስታውስ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ለአንቺ ደግሞ አይነግሩሽም፤ እኛ ቤት ይህ የሚነገር ነገር ሆኖ አያውቅም፣ ዝም ተብሎ ይጠበቃል እንጂ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ፣ ከዚያ ደግሞ ንዴቴ። ድንበር ተሻግሮ የሄደ ሰው በበርጩማ ይጠበቃል? በምን እግሬ ነው በዚያ መንገድ የምመጣው? ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ፣ ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ መልሼ ገፋሁት። የባሰው ያናደደኝ ግን እውነታቸውን መሆኑ ነው። እኔ ቁርስ አልበላም፣ እታለም። ሌሊቱን ሙሉ የዳቦ ሽታ ስውጥ አድሬ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ እወድቃለሁ። እህል የምቀምሰው ቀትር ላይ ስነቃ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ እኩል ቀትር ላይ ጾማችንን ስንፈታ ከርመናል።

ሾፌሩ አንዴ ነፋ። አሁን ቶሎ ቶሎ ልጻፍ።

ጠዋት ስንወጣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ዳቦ ይሰጠናል። እኔ የእኔን ሁልጊዜ ለአከራዬ ነበር የምሰጣት። ዛሬ «ዳቦዬስ?» ስትለኝ ዳቦውን ይዤ ገባሁ፤ ማታ እክሳታለሁ። አሁን እጄን ታጠብኩ። ቆረስኩ፣ ጎረስኩ። ጨው በዝቶበታል! ይህን ሁሉ ጊዜ ስጋግረው ኖሬ ጨው እንደሚበዛበት ያወቅሁት ገና አሁን ነው። ሁለተኛውን ጉርሻ በግድ ነው የዋጥኩት፣ ሦስተኛው ግን ራሱ ወረደ።

ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስልክሽን አባባ አጠገብ አስቀምጪው። ሲጮኽ እንዳታነሺው። ሁለቴ ጮኾ ዝም ሲል ገብቻለሁ፣ እጄን ታጥቤያለሁ፣ ጎርሻለሁ ማለት ነው። ሳልጎርስ እንደማልደውል ንገሪያቸው፤ እሳቸውን ማታለል እንደማልችል ያውቃሉ። ሥራ ቢያቆየኝ ምድጃው አጠገብ ቆሜ እጎርሳለሁ፤ ሴት አያታችን ሳይቀምስ አሉ እንጂ ቤቱ ሳይገባ አላሉም። መድኃኒቱን ከቁርሱ በኋላ ስጫቸው። አለቃዬን ወደ ቀን ፈረቃ እንዲያዞረኝ ለምኜው «እናያለን» ብሎኛል፤ የእሱ እናያለን ግን ከዓይን ሕመም የማይሻል ነው፣ እሱን አትጠብቂ። ምን ልሥራላቸው ላልሽው ዳቦና ሻይ ይበቃቸዋል። አመድ ውስጥ ድንች ልቅበር ካልሽ ግን ጋሼ ከቤት እንዳያስወጡሽ።

ጋሼን ሰላም በያቸው፤ ቤታቸው አልተናቀም፣ ይልቅ በሩ ላይ የሚጠበቅ ሰው ያለው ቤት ሆኗል በያቸው። ሚጢጢን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ዳቦ ከጨርቅ ሥር መፈልፈል ከጀመረች እናቷን መምሰሏ ነውና አትቆጪያት። ለልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን አድርሺና የአባባ አእምሮ ከሁላችንም በላይ ሥራ ላይ መሆኑን ሹክ በያት። አንቺን ደግሞ እዚህ ሆኜ ወገብሽን አቅፌ እስምሻለሁ፤ ከእንግዲህ ስለ ተገፋ ሰሃን አታልቅሺ።

ለአባባ ያለኝን ሰላምታ ለብቻው አድርጌዋለሁ። ቁርስ ቀርቦ በርጩማቸውን ሲያነሡ ሌላውን ሁሉ ዝለዪና ይህችን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

አባባ፣ ገባሁ። ብሉ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
ማክሰኞ ጥቅምት ፯ ቀን፣ ቁርሴን ከበላሁ በኋላ