የጉልበት ሎሚ ሐኪሙ ወንድማችን

ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው እስክትወለድ ድረስ አንድ ለእናቱ ሆነው አደጉ። አባት ሥራ፣ እናት የስፌት መኪና ላይ ስለሚውሉ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውል እንደነበር እናታችን ታወራ ነበር።

በትምህርት ቀልድ አያውቁም። በ1959 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1966 ተመረቁ፤ በ1971 የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው እስከ ጡረታቸው በአንድ ሆስፒታል አገለገሉ። የማያክሙት ስብራት አልነበረም፤ ልባቸው ግን ጉልበት ላይ ነበር፣ ያውም ከፊት ለፊት ባለችው፣ ሰው የጉልበት ሎሚ በሚላት ትንሽ አጥንት ላይ። ሆስፒታሉ በሙሉ “የሎሚው ሐኪም” ይላቸው ነበር። “ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ እሷ ከተሰበረች ደረጃ መውጣት ቀረ፣ ከወንበር መነሳትም ቀረ” ይሉ ነበር።

ሕመምተኛ ሲመጣ ወደ ራጅ አይጣደፉም። ወንበራቸውን ወደ አልጋው ስበው፣ እንዴት እንደወደቀ ከሥር ከመሠረቱ ያስወሩታል። ያበጠውን ጉልበት በጣታቸው ቀስ እያሉ ይዳስሳሉ፤ አጥንቱ ተላቅቆ ከሆነ መሐሉ ላይ ክፍተት ይገኛል። ከዚያ “እስቲ ሳታጥፋት እግርህን ከፍ አድርጋት” ይሉታል። እግሩን ካነሳና ራጁም አጥንቱ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ ካሳየ በጀሶ ይድናል። ካቃተው ኦፕራሲዮን ነው፤ ስብርባሪውን ገጥመው በሽቦ ያስሩታል። ተማሪዎቻቸውን ሲቆጡ ጉድ ነው! ጥርጣሬ ካለ ደህናው ጉልበትም ራጅ ይነሳል፤ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ሎሚው ለሁለት የተከፈለና ራጅ ላይ ስብራት የሚመስል ስለሆነ፣ ምንም ያልሆነውን ሰው በከንቱ ጀሶ ውስጥ እንዳይከቱት ነው። ከሁሉ የባሰ የሚያናድዳቸው ግን ጊዜው አልፎ ያልተፈታ ጀሶ ነበር። “አጥንቱ ከያዘ ምን ይጠበቃል? ጉልበቱን እንጨት ልታደርጉት ነው?” ይሉ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከአንዲት የሒሳብ መምህርት ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ ግን ሞቅ ያለ ነበር፤ ባለቤታቸው የእሳቸውንም ድርሻ ጨምረው ያወሩ ነበርና። በ1993 ዓ.ም. ባለቤታቸው በድንገት ሲያርፉ ያ ቤት ጭር አለ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ቀረ፤ አንደኛው ላይ ጋዜጣ ተከምሮበታል። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ወንድማችን ሰው ይወዱ ነበር፤ ሰውን “አትሂድብኝ” ማለት ግን ሞት ይመስላቸዋል። እንግዳ ገና “ልነሳ” ሳይል ኮቱን ያቀርቡለታል፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆመው ከዓይን እስኪሰወር ይሸኙታል። ስልክ ስንደውል መልሳቸው “ደህና ነኝ፣ ምን ጎደለብኝ” ነበር። ኧረ ስንቱ ጎድሎባቸው!

በ2015 ዓ.ም. ዝናብ የመታው የደጃፋቸው ደረጃ አዳልጧቸው በጉልበታቸው ወደቁ። እዚያው ቁጭ ብለው እግራቸውን ሳያጥፉ አነሱት፤ ተነሳ። ጎረቤታቸውን መካኒኩን “ተሰንጥቋል እንጂ አልተላቀቀም፤ በል ሆስፒታል አድርሰኝ” አሉት። ራጁም ያሉትኑ አሳየ። የቀድሞ ተማሪያቸው የሆኑት ሐኪም ከጭናቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጀሶ አደረጉላቸው።

እህታቸው እንደሰማች ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከሌላ ከተማ መጣች። ጋዜጣውን ከወንበሩ አንስታ ተቀመጠችበት። እሷ ታበስላለች፤ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው “ጨው በዛ” ይላሉ። ካርታ ሲጫወቱ ያጭበረብራሉ፤ ሲያዙ ደግሞ “የታመመ ሰው አይከሰስም” ይሏታል። ያ ዝምተኛ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አፉ አይዘጋም። እንዲያ ከልባቸው ሲስቁ ካየቻቸው ስንት ዘመኗ!

ስድስት ሳምንት ሲሞላ ሆስፒታል ሄዱ፤ እህታቸው ኮሪደር ላይ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ ጀሶው እንዳለ ነው። “ገና ነው፤ የሽማግሌ አጥንት ቶሎ አይገጥምም” አሏት። የጉልበት ሐኪም ስለ ጉልበት ሲናገር ማን ይከራከራል? በሚቀጥለውም ቀጠሮ “ገና ነው” አሉ፤ በሚቀጥለውም። በመጨረሻ ጀሶው ሲፈታ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ፤ እያነከሱ ቀሩ። “ዕድሜ ነው” ብለው አለፉት። በምርኩዝ መራመዳቸውን አይታ እህታቸው ወደ ልጆቿ ለመመለስ ተነሳች። ኮቷን አቀረቡላት።

ከዚያ በኋላ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ75 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ማንም አጠገባቸው ሳይኖር ዐረፉ።

ትናንት እኚያ ተማሪያቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው እህታቸውን ወደ ጎን ጠሯት። “በስድስተኛው ሳምንት አጥንቱ ግጥም ብሎ ነበር፤ ራጁን አብረን ነው ያየነው” አሏት። “ጀሶውን ልፍታው ስላቸው፣ ‘ተወው፣ ከተፈታ እህቴ ትሄድብኛለች’ አሉኝ። ጉልበትዎ ይደርቃል እኮ ብላቸው፣ ‘ይድረቅ’ አሉ።”

አይ ወንድም! አንዴ “ቆዪ” ቢሏት እኮ ትቆይ ነበር።

ወንድማችን የአንዲት እህት ወንድም፣ የሦስት ልጆቿም አጎት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰው ከሞላበት ቤት ያሳርፍልን፤ ከአጠገባቸውም ተነስቶ የሚሄድ አይኑር።