የዊዘርስኮ ወንዶች

ሜስኪት፣ ቴክሳስ
ሰኔ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ፤ እርግዝናዬም ሰባት ወር ሞላው። ይህን ደብዳቤ ግን ለእማዬ አያንብቡላት።

ቶምን ላገባ ስል በስልክ «ዘሩ ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ፈረንጅ ደግሞ ምን ዘር አለው ብዬ ሳቅሁብዎ። ይቅር ይበሉኝ።

መጋቢት ላይ አክስቱ ሚስ ኤድና ሳክሲ በምትባል ቅርብ ከተማ ካለው ቤቷ ምሳ ጠራችን። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ ዊዘርስኮ የሚለውን የቤተሰባቸውን ስም ታሪክ መፈለግ ነው፤ እንግሊዝ አገር ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ስትጽፍ አሥር ዓመት ሆኗታል። ቶም ግቢዋ ውስጥ ሣር ሲያጭድላት፣ ለእኔ የዘር ሐረጉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ስሙ ድሮ የመንደር ስም ነበር፤ «የሙክት ጫካ» ማለት ነው አለችኝ። መንደሩ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

«በዓለም ላይ አሥራ ዘጠኝ ነን» አለች በኩራት። «ያንቺ ልጅ ሃያኛ ይሆናል።»

«ለምን እንዲህ አነሳችሁ?»

«ወንዶቻችን ዕድሜ የላቸውም። ሴቶቹ ደግሞ ሲያገቡ ስሙን ይተዉታል።»

የሞቱበትን ዕድሜ በጣቴ እየተከተልኩ አየሁ። አርባ አንድ። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ አራት። ከአንድ የድሮ ቄስ መዝገብ የተገለበጠ ወረቀትም ነበር፤ እጅና እግራቸው ሳያዙት ስለሚወራጭ የመንደሩ ሰው «ጨፋሪዎቹ» ይላቸው እንደነበር ይናገራል። አባባ፣ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ይህ በጎልማሳነት ጀምሮ ሰውነትን እያወራጨ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ያለበትን ሰው አጥቤያለሁ፣ አጉርሻለሁ። ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርድም አውቃለሁ። ቶም ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሜስኪት ልንደርስ ስንል፣ «አባትህ በምን ሞተ?» አልኩት። ስንተዋወቅ በመኪና አደጋ ነው ብሎኝ ነበር።

ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ይዞ ቆመ። «ወረቀቱን አየሽው?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ። ብነግርሽ ታገቢኝ ነበር?»

መልሱን እስካሁንም አላውቀውም።

ከዚያ ወዲህ ሲበላ እጁን፣ ሲተኛ እግሩን አያለሁ። እንደማየው ስለሚያውቅ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ያደርጋል። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲራገጥ ሌላ እናት ደስ ይላታል፤ እኔ እደነግጣለሁ።

በመጨረሻ «ኦኬ፣ እመረመራለሁ» አለ። አሁን በደም የሚታወቅበት ምርመራ መጥቷል። ውጤቱን ትናንት ሰጡን። ዶክተሯ ቀስ ብላ በሩን ስትዘጋው ገባኝ። አለበት። የልጃችን ዕድል ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው አለችን።

ፓርኪንግ ላይ ቶም መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ሞተሩን ማስነሳት አልቻለም። ወርጄ በእሱ በኩል ያለውን በር ከፈትኩና «ተነሥልኝ» አልኩት። ሀይዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ነድቼ አላውቅም፤ እፈራለሁ። ሆዴ ከመሪው ጋር እየተጋፋ፣ ጭነት መኪኖች ጥሩንባ እየነፉብኝ በግራና በቀኝ ሲያልፉኝ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነዳሁ። መውጫችንንም አንድ ጊዜ ስቼ ዞሬ ተመለስኩ። ቤት አደረስኩት።

ይጸልዩልን፤ ለሦስታችንም።

ልጅዎ
ፀዳለ በየነ