ማማው የተጠለፈበት ካባና የእርስዎ ፊርማ

ለክብርት ዶክተር ካሮላይን ዊትሎክ
በአልደር ቤንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት (ምሳ ላይ ከሆኑም ሲመለሱ)

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የአልሞንድ ለቀማው አቧራ ደረትዎን አላስቸገረዎትም? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ ደህና ይሠራል? እኔ የመጣሁ ዕለት ደህና ይሠራ ነበር፤ ከውጭ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ በበሩ ሥር የሚወጣው ነፋስ እግሬን ስላቀዘቀዘልኝ ከዚያ ቢሮ ያገኘሁት አንድ አገልግሎት እሱ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። ቤተሰብዎም፣ ውሻዎም፣ ስምዎ የተጻፈበት የመኪና ማቆሚያዎም በሰላም ይቆዩልዎ።

እኔ ሴራፊም ቤተንኩር እባላለሁ። ከአዞሬስ ደሴቶች በልጅነቴ መጥቼ በዚህ ሸለቆ አርባ ዓመት ላም ያለብኩ፣ ሚስቴን ኦርቴንሲያን የቀበርኩ፣ የልጅ ልጄን ኢዳሊናን ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። ይህን በከተማው ጋዜጣ የማወጣው ክብርዎን ለመንካት ብዬ አይደለም። ደጋግሜ ደብዳቤ በመስኮት ባስገባ "ደርሶናል" የሚለኝ ስላጣሁ፣ ምናልባት ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ኢዳሊና ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ የእንስሳት ሕክምና ልትማር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን "በኮሌጁ የወሰድሽው ኬሚስትሪ የእኛን አይተካም" ብሎ መለሳት። ኮሌጁ "ያሳሳታት የእኛ አማካሪ ነው" ብሎ በእርስዎ ፊርማ ካረጋገጠላት ይቀበሏታል፤ የጎደለውንም እዚያው ትማረዋለች። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ የፊታችን ዓርብ ያበቃል። የምለምንዎ ያችን ፊርማ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ስለ ዋስትናው እናመሰግናለን። ኢዳሊና ኮሌጅ በገባችበት ሰሞን በሰጣችኋት የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ "ዋስትና ያለው የመዛወሪያ መንገድ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እኛ ከብት የምንገዛና የምንሸጥ ሰዎች ዘንድ አንድ ሰው "ይህች ላም ዋስትና አላት" ካለ፣ ላሚቱ አልታለብ ስትል መልሶ ይወስዳታል፤ አልወስድም ካለ ደግሞ ሰው ፊት መቅረብ ያቆማል። በእናንተ ዘንድ ዋስትናው ለመንገዱ እንጂ ለመድረሱ እንዳልሆነ ገና አሁን ተማርኩ። አማካሪያችሁን ሚስተር ፕሬንቲስን ልጅቷ ስለ ኬሚስትሪው በመጸው ጠየቀችው፣ በገና ሰሞንም ተመልሳ ጠየቀችው። "ይሄኛው ይያዝልሻል፣ ምንም አታስቢ" አላት። እሷም እንደታዘዘችው ምንም አላሰበችም። ታዛዥ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ እንዲያ ያሳደግኳት።

ሁለተኛ፤ ስለ መስተንግዶው እናመሰግናለን። ነገሩን ለማስረዳት ኦርቴንሲያን ስቀብር የለበስኩትን ጥቁር ሱፍ ልብስ ለብሼ፣ ኮፍያዬን በእጄ ይዤ መጣሁ። የመስኮቷ ሴት ፈገግታዋ አይጠገብም።

"ቀጠሮ አለዎት፣ ጌታው?"

"ቀጠሮ የለኝም፤ ጊዜ ግን አለኝ።"

"ስለ ማን ነበር?"

"ስለ ኢዳሊና ቤተንኩር። የልጅ ልጄ ናት።"

"እሷ አዋቂ ናት። ስለ እሷ ለእርስዎ እንዳልናገር ሕግ ይከለክለኛል።"

"እንግዲያው አንቺ አትናገሪ፣ እኔ ልናገርና አንቺ ስሚ።"

"ለመስማትም እኮ ቀጠሮ ያስፈልጋል።"

ቀጠሮው ደግሞ ግድግዳው ላይ ባለው መስተዋት በኩል እንደሚያዝ ነግራኝ የኮሌጁ ዓርማ የሆነው ጭልፊት ወደሚስቅበት ስክሪን ጠቆመችኝ። በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ የልጅቷን ችግር ጻፍኩለት። ጭልፊቱም "ስለ መኪና ማቆሚያ ፈቃድ ጠይቀዋል፤ ልክ ነኝ?" አለኝ። ልክ አይደለህም ብዬ ጻፍኩ። "ስለረዳሁዎ ደስ ብሎኛል" ብሎ ተሰናበተኝ። ከኋላዬ ተማሪዎች ተሰልፈው ያዩኝ ነበር። አንዷ ልጅ "አባቴ፣ እኔ ልጻፍልዎት?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ ፊደል እንደማላውቅ እንዳታስብ ብዬ "የለም፣ ጨርሻለሁ" አልኩና ወጣሁ። አልጨረስኩም ነበር፤ እንዲያው ፊቴ ስለጋለ ነው።

ሦስተኛውን ኢዳሊና "አባባ፣ እባክህ ይሄን አትጻፈው" ስላለችኝ እዘለዋለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ካባው እናመሰግናለን። የመንፈስ ቅዱስ በዓላችንን ያውቁታል፤ በአዳራሻችን መረቅ የጠጣውን ዳቦ ከነሥጋው ደገም አድርገው ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይበሉ፣ ለሁሉም የቀረበ ነው። እንደሚያውቁትም በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ አንዲት ልጅ ንግሥት ሆና ዘውድ ትደፋለች፤ ከኋላዋም ሜዳ የሚያክል የከፈይ ካባ እየጎተተች ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሹ ትሄዳለች። ዘንድሮ ተራው የኢዳሊና ነበር። ካባውን የጠለፈችው የሚስቴ እህት ፊሎሜና ናት። እሷ እንደ ደንቡ ርግብ ልትጠልፍ አስባ ነበር። እኔ ግን የዩኒቨርሲቲውን የሰዓት ማማ ካልጠለፍሽ አልኳት።

"መልሱ ይምጣና እንጠልፈዋለን፣ ምን አጣደፈህ?" አለችኝ።

"ጥልፉ ክረምቱን ሙሉ ይፈጃል፤ መልሱን ከጠበቅሽ በዓሉ ያልፋል። ደግሞ ዋስትና አለው ተብሏል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!"

"ዋስትናውን የሰጠው ማነው?"

"ኮሌጁ ነዋ!"

"ኮሌጁ ካለማ" አለችና በወርቅ ክር ጀመረች።

ማማው አምሮ ወጣ። የሰዓቱ ቆጣሪዎች ሳይቀሩ ያበሩ ነበር። ማርሽ ባንዱ እየነፋ ልጅቷ ስታልፍ ከተማው በሙሉ አጨበጨበ፣ እኔም ከኋላ መርከብ እንዳስመጣ አድሚራል እጄን እያውለበለብኩ ሄድኩ። እርስዎም ከዳር ቆመው ነበር። ኢዳሊናን አቅፈው፣ ካባውን ዘርግተው ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶው በትልቁ ታትሞ በኮሌጁ በር ላይ "የእኛ መንገድ እዚያ ያደርሳል" ተብሎበት ተለጥፏል። አሁንም አለ።

ካባው ደግሞ በልማዳችን እስከሚቀጥለው በዓል በአዳራሹ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ይከርማል። ከሥሩ ነው ካርታ የምንጫወተው። ዩኒቨርሲቲው እንደመለሳት ከተሰማ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ገና ካርታውን ስበውዝ ጓደኛዬ ዠርማኖ ቀና ብሎ ማማውን አየና "ሴራፊም፣ ያ ሰዓት ስንት ይላል? ልጅቷ አረፈደች እንዴ?" አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ዠርማኖ ክፉ ሰው አይደለም፤ የእሱ ላም ብትሞት እኔም እንደዚያው እቀልድበት ነበር። እኔ ግን ካርታዬን ገልብጬ ተነሣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አዳራሹን አልረገጥኩም። ቅዳሴም በጎን በር ገብቼ በጎን በር እወጣለሁ። ኢዳሊና አይብ ፋብሪካ ገብታ አይብ ትጠቀልላለች። ፋብሪካው በኮሌጁ በር በኩል ቅርብ ነበር፤ እሷ ግን በቦዩ ዳር ባለው የአፈር መንገድ ዞራ ትሄዳለች። መኪናዋ አፈር ለብሶ ሲመጣ ውኃ ቀድቼ አጥብላታለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ግልጽነታችሁ እናመሰግናለን። ሚስተር ፕሬንቲስ በመጨረሻ ስልክ ደውሎ ለልጅቷ ሲነግራት አጠገቧ ነበርኩ። "ዶክተር ዊትሎክ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይፈርሙም። ስህተት ነው ብለን ከፈረምን ለኮሌጁ አሳፋሪ ይሆናል፣ ገባሽ አይደል?" አላት። እሷም "ገባኝ" አለችው። ክብርት ሆይ፣ ይህ ኀፍረት እንግዲህ የትም አልጠፋም። ኮሌጁ አልሸከመውም ስላለ ተከፋፍለን ይዘነዋል፤ ፊሎሜና በጥልፏ ይዛዋለች፣ እኔ በጎን በር ይዤው እገባለሁ፣ ልጅቷ በአፈር መንገድ ይዛው ትዞራለች። እርስዎ ትንሽዋን፣ የአንዲት ፊርማ ያህሏን ብቻ ቢያግዙን ብዬ ነው። እጅዎን አይከብደውም። እኛ ለምደነዋል፣ ቀሪውን እንችለዋለን።

እዚህ ድረስ ጽፌ ኢዳሊናን ጠርቼ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና "እንግዲያው ሦስተኛውንም ጻፈው፣ አባባ። ደብቃ ነበር ከሚሉኝ እኔው ልበለው" አለችኝ። ስለዚህ እነሆ።

ሦስተኛ፤ የዩኒቨርሲቲው መልስ የደረሳት ከበዓሉ በፊት ሐሙስ ዕለት ነው። ለማንም አልተናገረችም። ዳቦው ተጋግሯል፣ ባንዱ ተጠርቷል፣ ፊሎሜና ዓይኗ እስኪቀላ ጠልፋ ጨርሳለች፤ እኔም አፌን ሞልቼ አውርቻለሁ። እሑድ ጠዋት ፊሎሜና ካባውን ትከሻዋ ላይ ስታያይዝላት "ከበደሽ እንዴ፣ የኔ ልጅ?" አለቻት። "ትንሽ" አለች። ከዚያ ያንን ማማ በወርቅ ክር ተጠልፎ ከኋላዋ እየጎተተች፣ እንደማትገባበት እያወቀች፣ ጎዳናውን ከዳር እስከ ዳር ሄደችው። ዓይኗን መሬት መሬት ስታደርግ እኔ ለጎረቤቶቼ "አያችሁ ጨዋነቷን!" እል ነበር። እርስዎም ያቀፏት ያኔ ነው። በር ላይ የለጠፋችሁትን ፎቶ ጠጋ ብለው ይዩት፤ እርስዎ በጥርስዎ ሙሉ ይስቃሉ፣ እሷ አትስቅም። ሁላችንም ዘውዱ ከብዷት መስሎን ነበር።

የማማውን ጥልፍ ፍቺልኝ ብላ ፊሎሜናን ለምናታለች። ፊሎሜና ካባውን ከመስተዋቱ አውጥታ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታዋለች፣ መቀሱም አጠገቡ ነው። "ዓርብ ቢሮው እስኪዘጋ አልነካውም" ብላለች። እኔ ሰኞ ጠዋት ያንኑ ሱፍ ልብስ ለብሼ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ያለ ቀጠሮ እዚያው ወንበር ላይ እገኛለሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። እስከ ዓርብ።

ለሥልጣንዎ ዝቅ ብዬ፣ ለወንበርዎ ምቾት እየተመኘሁ፣ ለጭልፊቱም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በጥቂት ትዕግሥት የምሰናበትዎ፣

ሴራፊም ቤተንኩር
ላም አላቢ የነበረ፣ የኢዳሊና አያት

ማስታወሻ፦ ኢዳሊና ልትዛወር አልቻለችም እንጂ ፎቶዋስ ያለ አንዳች ችግር ተዛውሮላታል። ከጎዳናው ወደ ስልክዎ፣ ከስልክዎ ወደ ኮሌጁ በር፣ ከበሩም ትናንት እንዳየሁት ለአዲስ ተማሪዎች ወደሚታደለው ወረቀት ገብቷል፤ ማንም ኬሚስትሪ አልጠየቀውም። ለፎቶው የፈረመው ሰው ማን እንደሆነ ቢነግሩኝ ለልጅቷም እሱኑ እለምነው ነበር።