ጆንያው እስኪፈታ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ዚዮኔ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጆሃንስበርግ ብርድ ገባ ይላሉ፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው? አሠሪዎችሽስ እሑድ እሑድ ያሳርፉሻል? ለቀብሩ አልደረስሽም ብሎ የሚወቅስሽ እዚህ የለም፤ እሱን ከልብሽ አውጪው። እማዬ እህል እምብዛም አትቀምስም፤ ትላንት ግን ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ወንድማችን ፋትሳኒን ከቀበርን ሃያ ስድስት ቀን ሆነን፤ ዛሬም የብስክሌት ደወል በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሣለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ነገር አንገብግቦኝ ነው። የሒሳብ መምህራችንን፣ መምህር ካቺንግዌን ታውቂያቸዋለሽ። ከገና ወዲህ አዲስ ዘዴ አምጥተዋል። ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጸው በስልክ ይልካሉ፤ እኛ ቤታችን አይተን እንመጣና ክፍል ውስጥ ጥያቄ ብቻ እንሠራለን። ፋትሳኒ እያለ አልቸገረኝም። እሑድ እሑድ በብስክሌቱ ሰው ሲያመላልስ ገበያው ዘንድ፣ ኔትወርኩ ካለበት፣ ቪዲዮውን በስልኩ አውርዶ ያመጣልኝ ነበር። «እንካ ፕሮፌሰር! ፈተናውን ከወደቅህ ግን ብስክሌቷን አንተ ነህ የምትገፋት» ይለኝ ነበር።

አሁን ስልኩ የት እንዳለ ትገምቻለሽ። አጎታችን ቢዝዌክ ልብሱን፣ ጫማውንና ስልኩን ጆንያ ውስጥ አስረው እማዬ አልጋ ሥር አስቀምጠዋል። ጠጉራችንን ተላጭተን ሐዘኑ እስኪወጣ የሟች ዕቃ አይነካም። ይህን የማያውቅ በመንደራችን የለም። መምህር ካቺንግዌም ለቅሶ መጥተው፣ ከአጎቴ ጎን ተቀምጠው የበቆሎ ንሲማችንን በልተዋል፤ ጆንያው ሲታሰር በዓይናቸው አይተዋል።

እንዲያም ሆኖ ቪዲዮ ያላየ ሁሉ ውጭ ማንጎው ሥር ይቀመጥ አሉ። ሦስት ሳምንት እዚያ ተጎልቼ ከረምኩ። ልጆቹ በመስኮት «ላሜክ፣ ማንጎዋ የት ደረሰች? ማካፈል ጀመረች?» እያሉ ያሾፉብኛል።

ባለፈው ሐሙስ ከወረዳ እንግዶች መጡና፣ መምህራችን በዘዴው ያዩትን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። እኛም ገብተን እንድንሰማ ተጠራን። «ክፍሉ ነፍስ ዘርቷል። ሳያዩ የሚመጡት ጥቂት ሰነፎች ብቻ ናቸው» አሉ። ሰነፎች! የበሉበትን ወጪት መስበር ማለት ይህ አይደለም እንዴ? ሳላስበው ተነሥቼ «ቲቸር፣ ለቅሷችን ላይ በልተው ሲሄዱ ስልኩ ጆንያ ውስጥ መግባቱን ረሱት?» አልኩ። ውጣ ተባልኩ፤ ወጣሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ መምህር ካቺንግዌ ማንጎው ሥር መጡ። ሊገርፉኝ ነው ስል አጠገቤ ቁጭ አሉ። «አሳፈርከኝ፤ ግን አልዋሸህም። እኔም ቪዲዮውን የምቀርጸው ከፍየሎቼ ጋር በረት ውስጥ ነው፤ ቤቴ በልጅ ጩኸት አያስቀርጽም። እሱንም አልነገርኳቸውም። መልካሙን ብቻ ነው መስማት የሚፈልጉት» አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ፣ ደወል ሳይደወል፣ ማንጎው ሥር የነበርነውን ስምንታችንን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ያስተምሩናል። ቁጣዬ ግን አልበረደም፣ እትዬ። ለአንዲት ጠመኔ ስል የወንድሜን ሞት በእንግዳ ፊት ማንሣት ነበረብኝ?

አጎቴ መላጨቱን ለሜይ 27 ቆርጠዋል፤ «በኩሯ ሳትመጣ ግን ጆንያው አይፈታም፤ ዓመትም ይቆይ» ብለዋል። እባክሽ ፈቃድ ለምነሽ ነይ። ስልኩን ለእኔ ሊሰጡኝ ተስማምተዋል። ለፈተናው ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እሱን በጠመኔም እወጣዋለሁ። ፋትሳኒ የጭነት መኪናው ሳይገጨው፣ በዋዜማው እሑድ ያወረደልኝ ትምህርት እዚያ ውስጥ አለ። «ዛሬ እየው» ሲለኝ «ነገ» ብዬው ሳላየው ቀረ።

እማዬ ትስምሻለች፤ ሹራብሽን አትርሺ ትላለች። አጎቴ ቢዝዌክ መንገድሽ ይቅና ይላሉ። ትንሿ እህታችን ቺኮንዲ የፋትሳኒን ብስክሌት በየቀኑ እየወለወለች ትጠብቅሻለች። እኔም እጠብቅሻለሁ። ያቺን ቪዲዮ ብቻዬን አልከፍታትም፤ ሒሳቡ ባይገባሽም አብረን እናያታለን።

ወንድምሽ ላሜክ
ቺፖካ፣ ሜይ 10 ቀን 2023