የሞርሳው ጥርስ

ለእናቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ደረጃውን መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም መሐል ላይ ቁጭ ትያለሽ? አባባስ ሾርባውን በራሳቸው እጅ መጠጣት ጀመሩ? እኔ ጤና ነኝ። ንዴት በሽታ ካልተባለ በቀር ምንም አልሆንኩም።

«ሳንቲሙን ደግመሽ እዪው» የሚለው ሦስተኛው ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እማዬ፣ ስንት ጊዜ ልየው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሱቅ አጉሊ መነጽር ዓይኔ ላይ ደቅኜ የሰው ሳንቲም ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንቺ ግን ከእኔ ይልቅ ወንድሜን አመንሽ። እሱ አንድ ከሰዓት ስልኩ ላይ አፍጥጦ ሊቅ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ሳንቲም ቤት ይገዛል ቢልሽ መጋረጃ መምረጥ ጀመርሽ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳሽ። ስህተት የሚባለው ሳንቲሙ ፋብሪካ ውስጥ ሲቀረጽ አብሮት የሚወለደው ነው። ማሽኑ ይስትና ምስሉ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ወይ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት በእሱ ነው። ጉዳት ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በሰው እጅ የሚደርስበት ነው፤ ለጉዳት ማንም ምንም አይከፍልም። አንቺ የላክሽው ሳንቲም ላይ ያሉት መስመሮች ፊደሎቹን ጨፍልቀው ነው ያለፉት። ፊደሉ ቀድሞ ነበረ፣ መስመሩ በኋላ መጣ። ብረቱም እንደተረገጠ ጭቃ ወደ ዳር ተገፍቷል። በአባባ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት ነክሶ በሚይዘው በሞርሳ የተጨመቀ ሳንቲም ነው አልኩሽ። ሥራ ፈትተው አንድ ቀን ሲጫወቱበት ነው ብዬ ነበር።

አንቺ ግን ተራ ሳንቲም ከሆነ አባትሽ ለምን በጨርቅ ጠቅልለው ሃያ ስምንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት ብለሽ ጻፍሽ። ስጠይቃቸውስ ለምን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ አልሽ። እውነቴን ነው፣ ይኼ ጥያቄ ቆሽቴን አሳረረው።

ማክሰኞ ለአሠሪዬ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያሉ ብዙ ቆዩበት። በመጨረሻ ሳንቲሙን የነከሰው ሞርሳ አንድ ጥርሱ የወለቀ ነው አሉኝ። ሦስት መስመር፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሁለት መስመር። ሞርሳውን ያገኘ ባለቤቱን ያገኛል ብለውም ቀለዱ።

ሳንቲሙን ስቀበላቸው በግራ እጄ ያዝኩት፤ በዚያ በጠማማው ጣቴ። ከሆዴ ይዘሽው የወጣሽው ነው ስትይኝ የኖርሽው ጣት። እላዩ ላይ ያሉትንም መስመሮች የቆዳሽ መታጠፊያ ናቸው ትይኝ ነበር። ሦስት፣ ባዶ፣ ሁለት። ሳንቲሙን ጠጋ ሳደርገው መስመሩ ከብረቱ ወጥቶ ጣቴ ላይ ቀጠለ። ሁለቱን አንድ ሞርሳ በአንድ ጊዜ ነክሷቸዋል።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ ጣትም እንደዚያው ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ ዘንድሮ ሠላሳ ሆነኝ። አክስቴ ዘንድ የላካችሁኝ በሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባባ ወርክሾፑ ደጃፍ አላስደርስ ሲሉኝ፣ ለጥየቃ ስመጣም ከሩቅ ሰላም ብለው ሲወጡ፣ በእጄ የሚያፍሩ እየመሰለኝ ኖርኩ። አንቺም እንዲመስለኝ ተውሽኝ። እናቴ፣ የምናደደው በዚህ ነው እንጂ በጣቱ አይደለም። ስለ ሳንቲሙ እንደማታውቂ ግን ገብቶኛል፤ ብታውቂ ኖሮ በፖስታ አትልኪልኝም ነበር።

ለወንድሜ ቤቱን እንዲረሳው ንገሪው። ለአባባ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ በይልኝ፦ ሳንቲሙ ሲወለድ እንዲህ አልነበረም፤ ልጅዎ አረጋግጣለች። በፖስታ አልመልሰውም። ቅዳሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አልጋቸውን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጊና በዚያ በኩል ወንበር አስቀምጪልኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እሳቸውንም እስክደርስ ያቆይልኝ።

ልጅሽ