ሰው እንዳይሞትበት የተነደፈ ሕንፃ

ለተከበሩ የለምለም ሜዳ መኖሪያ ሕንፃዎች የዲዛይን ክፍል ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ደረጃ የማይበዛበት ቤት እንዲሰጥዎ እጸልያለሁ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ወረታ የማስተምር፣ በሕንፃ ቁጥር ሁለት አራተኛ ፎቅ የምኖር መምህርት ነኝ። ላደረጉልን በጎ ነገር ሁሉ በቃል ማመስገን ስላልበቃኝ በጽሑፍ አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደረጃው አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አማከለች የቁሐር ሚካኤል ሰው ነበሩ። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው ደጃፋቸው ድረስ እየመጣ ሲያስቸግራቸው፣ ልጃቸው አበረ ከእኔ በላይ ወዳለው አምስተኛ ፎቅ አመጣቸው። ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን አረፉ። የሬሳ ሣጥኑ ወደ ላይ ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ፤ ቢያጋድሉት፣ ቢያቆሙት አልዞር አለ። አበረ «ተዉት፣ እናቴን እኔው አወርዳታለሁ» አለና የተገነዙትን እናቱን ታቅፎ ደረጃውን ሁሉ ወረደ። እኛም ግድግዳውን እየተደገፍን ከኋላው ወረድን። እዚያው ቁሐር ሚካኤል ቀበርናቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሜዳው። ቤቱን ስንረከብ በሦስቱ ሕንፃዎች መካከል ያለው ሜዳ የሠርግና የሐዘን ድንኳን መትከያ መሆኑን እርስዎ ራስዎ ነግረውናል። ግንቦት ላይ ግን በቆርቆሮ ታጠረ። «ለደኅንነታችሁ ነው» ተባልን፤ ከማን እንደተጠበቅን እስካሁን አልገባኝም። በቀብሩ ዕለት ዘበኛውን ዘመኑን ክፈትልን ብንለው «ቁልፉን ኃላፊው ይዘውት ሄደዋል፤ ምን ላድርግ እህቴ?» አለኝ። ድንኳኑን በደብረ ታቦር መንገድ ዳር ተከልነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ጭቃው ለቀስተኛው ላይ ይረጭ ነበር።

ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅ «ለአትክልት ነው» አሉኝ። አመንኩዎት። ሆኖም በቆርቆሮው ቀዳዳ ብመለከት፣ ጉድጓዱ ሰው የሚውጥ ነው፤ አጠገቡ የተከመረውም ፌሮ። ከፌሮ የሚበቅለውን አበባ ስሙን ቢነግሩኝ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር።

በአርባቸው ቀን ቄስ ተክለ ሃይማኖት መጥተው አጥሩን አዩና «ልጆቼ፣ ጸሎቱን ጭቃ ላይ ቆመን እናድርሰው?» አሉ። ዘመኑ ይህን ሲሰማ ቆርቆሮውን ያሰረውን ሽቦ በፒንሳ ቆረጠው። ገብተን በጉድጓዱ ዙሪያ ተቀመጥን፣ ጸሎቱም ደረሰ። አበረ ከቀብሩ ወዲህ ቀና ብሎ ሰው ሲያናግር ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን ዘመኑን አሰናብተው በምትኩ ሁለት ዘበኞች ቀጠሩ። አትክልት እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ ስለማላውቅ ለትጋትዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። ዘመኑን ወደ ሥራው፣ ሜዳውንም ወደ እኛ ይመልሱልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ቸርነትዎን ከአጥር ውጭ ሆና የምትጠባበቅ፣
ምኞት አንለይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «በሜዳው ላይ አራተኛ ሕንፃ እንዲሠራ ነዋሪዎች ነሐሴ ሃያ ስድስት ቀን ተሰብስበው በፊርማቸው ተስማምተዋል» የሚለውን ማስታወቂያዎን አነበብን። በዝርዝሩ ሰባተኛ ሆነው የፈረሙት ወይዘሮ አማከለች ናቸው። ከቁሐር ሚካኤል በምን እንዳመጧቸው ልጃቸው አበረ ማወቅ ይፈልጋል።